ሙቀቱ በየት በኩል ይውጣ?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2008 የአሜሪካው የግራፊክስ ቺፕ አምራች ኢንቪዲያ ባለአክሲዮኖቹን ያስደነገጠ መግለጫ አወጣ። ለላፕቶፕ ከሸጣቸው ቺፖች አንዳንዶቹ ከሚጠበቀው በላይ እየተበላሹ ስለሆነ፣ ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚይዝ አስታወቀ። ኩባንያው እንዳስረዳው ድክመቱ የነበረው ቺፑንና ቺፑን የያዘውን ማሸጊያ ለመሥራት በዋሉት ቁሶች ላይ ነው። ድክመቱን ጎትቶ ያወጣው ደግሞ ሙቀት ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በየቤቱ ግን ነገሩ የታየው በሌላ መልክ ነው። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ይጋደማሉ። ቀጥሎ ምስሉ ይዘበራረቃል። ከዚያ አንድ ጠዋት ላፕቶፑ ይነሳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

ዴል ከኢንስፓይሮን፣ ከላቲቲዩድና ከኤክስፒኤስ ቤተሰብ የተጎዱትን ሞዴሎች በስም ዘርዝሮ አሳወቀ። ኤች.ፒ ለተወሰኑ የፓቪሊዮን ላፕቶፖች የዋስትናውን ጊዜ አራዘመ። አፕል በበኩሉ ኮምፒውተሮቹ ችግሩ እንደማይነካቸው ከኢንቪዲያ ማረጋገጫ ተሰጥቶት ነበር። የራሱ ምርመራ ያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ከሜይ 2007 እስከ ሴፕቴምበር 2008 ከተሠሩትና ጂፎርስ 8600ኤም ጂቲ ቺፕ ካላቸው ማክቡክ ፕሮዎች አንዳንዶቹ የችግሩ ሰለባ ነበሩ። ስለዚህ ዋስትናቸው ያለፈውን ሳይቀር በነጻ ለመጠገን ቃል ገባ። በኢንቪዲያ ላይ የቀረበው የጋራ ክስ ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ታይቶ በ2010 መጨረሻ በስምምነት ተቋጨ።

ከዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ለዛሬው የላፕቶፕ ባለቤት የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ፤ እሱም የተገኘው ዴል በወቅቱ ከሰጠው ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ያነሳል፤ አንዱ የቁሱ ድክመት፣ ሌላው የቺፑ ሙቀት በሰፊው መውጣትና መውረዱ ነው። ዴል ያቀረበው የመጀመሪያ መፍትሔም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነበር። የላፕቶፑን ባዮስ አሻሽሎ ፋኑ የሚሠራበትን ሥርዓት ለወጠ፤ ዓላማው የሙቀቱን መዋዠቅ መግታት ነበር።

መጋልና መብረድ

ግራፊክስ ቺፕ ከሲሊከን የተሠራ ስስ ቁራጭ ነው። ተለጥፎ የሚቀመጥበት ትንሽ ሰሌዳ ግን ከመዳብና ከፕላስቲክ መሰል ቁስ የተደራረበ ነው። ሁለቱ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። በአንድ ዲግሪ የሙቀት ጭማሪ ሰሌዳው ከሲሊከኑ አምስት እጥፍ ያህል ይሰፋል። በመካከላቸው ያሉት ከጤፍ ፍሬ በብዙ ያነሱ የብየዳ ጉብታዎች ናቸው። ቺፑ ከሰሌዳው ጋር የሚነጋገረው በእነሱ በኩል ስለሆነ፣ ሲሰፋና ሲጠብ የሚመጣውን ጉተታ የሚሸከሙትም እነሱ ናቸው።

ቀጭን ሽቦን ያለ ፒንሳ መበጠስ የፈለገ ሰው ወዲያና ወዲህ እያጠፈ ያደክመዋል። የመጀመሪያው መታጠፍ ምንም አያደርገውም፤ ሃያኛው ላይ ግን ይሰበራል። ጉብታዎቹ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ላፕቶፑ ጠዋት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይነሳል፣ ጌም ሲከፈት ወይም የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሥራ ሲጀመር 90 ይደርሳል፣ ሲዘጋ ተመልሶ ይበርዳል። በየቀኑ ይኸው ይደጋገማል። ቁሱ ጠንካራ ከሆነ ይህን ምልልስ ለብዙ ዓመታት ይችለዋል። የ2008ቱ ቺፖች ያልቻሉት ይህንን ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለተጠቃሚው ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ ቺፕ ለአፍታ 88 ዲግሪ ስለነካ አይሞትም፤ ዛሬ ያሉት ቺፖች የተሠሩት ያንን እንዲችሉ ተደርጎ ነው። የሚጎዳው ሙቀቱ መውጫ አጥቶ በየቀኑ ጣራ ሲነካ፣ ሲነካም ለሰዓታት እዚያው ሲቆይ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ በጋለ ጊዜ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ሙቀቱ በየት በኩል እየወጣ ነው? የተዘጋውስ የት ላይ ነው?» የሚለው ነው።

የሙቀት ጉዞ

ቺፑ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከባድ ለሆኑ የጌም ላፕቶፖች የተሠራው አርቲኤክስ 4090 እስከ 150 ዋትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። የሲሊከኑ ስፋት ግን 4 ስኩዌር ሴንቲሜትር አይሞላም። የድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ሲበራ በእጅ አይነካም ነበር፤ እዚህ አንድ ተኩል አምፖል የሚያህል ሙቀት ከቴምብር በማይበልጥ ቦታ ላይ ታጭቆ፣ ውፍረቱ ሁለት ጣት በማይሞላ ሳጥን ውስጥ ተዘግቷል። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራው ካርድ 450 ዋት ይወስዳል፤ እሱ ግን ጡብ የሚያህል የራሱ ማቀዝቀዣና ሰፊ ቦታ አለው። ላፕቶፕ ያ ቅንጦት የለውም።

ሙቀቱ ከቺፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያልፈው ቴርማል ፔስት በተባለ ቅባት በኩል ነው። የቺፑም ሆነ በላዩ የሚቀመጠው የመዳብ ሳህን ገጽ በዓይን ሲታይ ለስላሳ ይምሰል እንጂ ጥቃቅን ጎርባጣዎች አሉት። ሁለቱ ሲገናኙ በጎርባጣዎቹ መካከል አየር ይቀራል። አየር ደግሞ ሙቀት ለማሳለፍ እጅግ ደካማ ነው፤ መዳብ ከአየር 15,000 እጥፍ ያህል የተሻለ ያሳልፋል። የቅባቱ ሥራ ያንን አየር አስወጥቶ ቦታውን መያዝ ነው። ቅባቱ ራሱ ከመዳብ ብዙ እጥፍ ስለሚያንስ ሲቀባ ስስ መሆን አለበት።

ከመዳቡ ሳህን ሙቀቱ ወደ ሂት ፓይፕ ይገባል። ይህ የታሸገና ጠፍጠፍ ያለ የመዳብ ቱቦ ነው። ሐሳቡን በ1942 ሪቻርድ ጎግለር የተባለ የጄኔራል ሞተርስ ኢንጂነር ለፓተንት አቅርቦት ነበር። በ1963 በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ጆርጅ ግሮቨር በራሱ መንገድ ሠርቶ በተግባር አዋለው።

በቱቦው ውስጥ ጥቂት ውሃ አለ። አየሩ ተመጥጦ ስለወጣ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ግፊት ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ ሻይ የሚያፈላ ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል፤ በከተማዋ ከፍታ የተነሳ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ይፈላል። በቱቦው ውስጥ ግፊቱ ከዚህም በብዙ ስለሚያንስ ውሃው ገና ለብ ሲል መትነን ይጀምራል። እንፋሎቱ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሮጣል፣ እዚያ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ በቱቦው ግድግዳ ላይ ባለው ወንፊት መሰል ሽፋን ተስቦ ወደ ቺፑ ይመለሳል። ያለ ሞተር፣ ያለ ድምፅ፣ ላፕቶፑ እስካለ ድረስ እንዲህ ይመላለሳል።

በቀዝቃዛው ጫፍ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ብረቶች አሉ። ፋኑ አየር ከታች ስቦ በእነዚህ ብረቶች መካከል ያሳልፍና ሙቀቱን ወደ ውጭ ይተፋዋል። መንገዱ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ቺፕ፣ ቅባት፣ መዳብ፣ ቱቦ፣ ብረት፣ አየር። አንዱ ከደከመ የሌሎቹ ብርታት ዋጋ የለውም።

መንገዱ የሚዘጋባቸው ቦታዎች

አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው መጨረሻው ላይ፣ በብረቶቹ መካከል ነው። ፋኑ የሚስበው አየር አቧራ፣ ፀጉርና የልብስ ብናኝ ይዞ ይገባል። ብናኙ በብረቶቹ አፍ ላይ እየተጠላለፈ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ስስ ብርድ ልብስ ይሠራል። ከውጭ ሲታይ ላፕቶፑ ንጹሕ ነው፤ ፋኑም ከወትሮው በበለጠ ይጮኻል። አየር ግን አይወጣም።

ሁለተኛው ቅባቱ ነው። በየቀኑ በሚደርስበት መሞቅና መብረድ ቀስ በቀስ ከመሐል ወደ ዳር ይገፋል፤ ይደርቃልም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ መጥቶ የሚሸጥ ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ ሦስትና አራት ዓመት ያገለገለ የፋብሪካ ቅባት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ገዢው ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና የስክሪኑን ጥራት ያያል፤ ቅባቱን የሚያይ የለም።

ሦስተኛው ላፕቶፑ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። አልጋና ሶፋ አየር መሳቢያውን ከሥር ይደፍኑታል። ጭን ላይ ማስቀመጥም ለተጠቃሚው ራሱ አይበጅም። በ2010 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሁለት የስዊዘርላንድ ሐኪሞች ስለ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ጽፈው ነበር። ልጁ ለወራት በየቀኑ ላፕቶፕ ጭኑ ላይ አድርጎ ጌም ሲጫወት የግራ ጭኑ ቆዳ መረብ መሰል ጠቆር ያለ ምልክት አውጥቷል። ሐኪሞች ይህን ምልክት ቀድሞ የሚያውቁት እሳት ዳር ለረጅም ጊዜ ከሚቀመጡ ሰዎች ነው።

የአገሩ ከፍታና አየርም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም፣ አየሩ ስስ ሲሆን ሊሸከም የሚችለው ሙቀት ያንሳል። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ላፕቶፑ የሚሠራበትን ከፍታ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ የሚገድቡት አለምክንያት አይደለም። የደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ይክሰዋል። ቆላ ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰመራ ላይ አየሩ ወፍራም ነው፣ ግን የክፍሉ ሙቀት ከ40 ሊያልፍ ይችላል። በአንድ ዓይነት ሥራና በአንድ ዓይነት የፋን ፍጥነት፣ ክፍሉ 10 ዲግሪ ሲሞቅ ቺፑም በዚያው ልክ ይሞቃል።

መጀመሪያ መለካት

እጅ መዋሸት ይችላል። የላፕቶፑ ክዳን ስለሞቀ ቺፑ አደጋ ላይ ነው ማለት አይደለም፤ ስለቀዘቀዘም ቺፑ ደኅና ነው አያሰኝም። ከ2020 ወዲህ በወጡት የዊንዶውስ 10 ቅጂዎችና በዊንዶውስ 11 ላይ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ካለ፣ ሙቀቱ ታስክ ማናጀር ውስጥ ይታያል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ መጫን ብቻ ይበቃል። የበለጠ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ኤችደብሊውኢንፎ ወይም ጂፒዩ-ዜድ የተባሉትን ነጻ ፕሮግራሞች ይጠቀማል።

በከባድ ሥራ ላይ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፕ የተለመደ ኑሮው ነው። ወደ 90 እየተጠጋ ሲሄድ ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ። ጌሙ ለአሥር ደቂቃ ሸጋ ሆኖ ቆይቶ ድንገት መቆራረጥ የሚጀምረው በዚህ የተነሳ ነው። ቺፑ ራሱን እየጠበቀ ነው። ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ላፕቶፑ በራሱ ይጠፋል።

ከምንጩ መቀነስ

መክፈቻ ከመያዝ በፊት በነጻ የሚሠራ ብዙ አለ። ከሁሉም የሚቀድመው ቺፑ የማይጠቅም ሥራ እንዳይሠራ ማድረግ ነው።

ጁላይ 2010 ላይ የጌም አምራቹ ብሊዛርድ «ስታርክራፍት 2» የተባለውን ጌም ለገበያ እንዳቀረበ፣ የአንዳንድ ተጫዋቾች ካርድ ከመጠን በላይ ጋለ። የሚገርመው ይህ የደረሰው በጦርነቱ መሐል አለመሆኑ ነው፤ ተጫዋቹ ሜኑ ላይ ቆሞ በሚጠብቅበት ጊዜ ነበር። የሜኑው ምስል ቀላል ስለሆነና የፍጥነት ገደብ ስላልተደረገለት፣ ካርዱ ያንኑ ምስል በሰከንድ በተቻለው ብዛት እየደጋገመ ይስል ነበር። ብሊዛርድ ችግሩን አምኖ በጌሙ የቅንብር ፋይል ላይ የሚጨመሩ ሁለት መስመሮችን ሰጠ፤ አንዱ በሜኑው 30፣ ሌላው በጨዋታው 60 ምስል በሰከንድ ላይ የሚገድብ ነው።

መፍትሔው ዛሬም ይሠራል። 60 ኸርዝ የሆነ ስክሪን በሰከንድ ከ60 በላይ ምስል ማሳየት አይችልም። ካርዱ 150 ቢሠራ 90ው ሳይታይ ሙቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ኢንቪዲያ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ይህን ገደብ በራሱ የመቆጣጠሪያ ፓነል ውስጥ አስገብቷል፤ ብዙ ጌሞችም የራሳቸው አላቸው።

ሁለተኛው መንገድ ቮልቴጅ መቀነስ ነው። ቺፑ ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ ከሥራው የሚመነጨው ሙቀት በ19 በመቶ ይቀንሳል። አምራቾች ደካማው ቺፕ እንኳ እንዲሠራ ብለው ቮልቴጁን ከፍ አድርገው ስለሚተዉት ብዙ ቺፖች ይህ ትርፍ አላቸው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ለዚህ በሰፊው የሚሠራበት ፕሮግራም ነው። ቅነሳው ከበዛ ጌሙ ይዘጋል ወይም ላፕቶፑ ይደርቃል፤ ያኔ አንድ እርምጃ መመለስ ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ግን ይህን አይፈቅዱም።

ድራይቨርም መረሳት የለበትም። በማርች 2010 ኢንቪዲያ 196.75 የተባለውን ድራይቨር ከለቀቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ የፋን ፍጥነት ችግር እንዳለበት ተጠቃሚዎች ስላሳወቁት ከድረ ገጹ አንስቶታል። አዲስ ድራይቨር በተጫነ ማግስት ሙቀቱ ከዘለለ፣ ላፕቶፑን ከመፍታት በፊት ወደ ቀድሞው መመለስ ተገቢ ነው።

መክፈት ሲያስፈልግ

ጽዳት የሚጀምረው ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ በማላቀቅ ነው። አየር ሲነፋ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ወይም በእንጨት ዘንግ መያዝ አለበት፤ ከአቅሙ በላይ ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። የተጠላለፈው ብናኝ ከፋኑና ከብረቶቹ መካከል ስለሚገኝ፣ ፋኑ ሳይወጣ ከውጭ ብቻ መንፋት ብርድ ልብሱን ከቦታ ቦታ ማዛወር ይሆናል።

አሮጌው ቅባት በአይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። አዲሱ መላውን የቺፕ ገጽ በስሱ መሸፈን አለበት። ብሎኖቹ በመዳቡ ሳህን ላይ በተጻፈው ቁጥር ተራ፣ በሰያፍ እያፈራረቁ ይጠብቃሉ። በሚሞሪ ቺፖቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ንጣፎች ከተቀደዱ ምትካቸው ትክክለኛው ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ትንሽ ከወፈሩ ሳህኑ ከዋናው ቺፕ ከፍ ይልና ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ፈሳሽ ብረት የተባለው ጋሊየም ያለበት ቅባት ከሁሉም የተሻለ ያሳልፋል፤ ግን ኤሌክትሪክም ያሳልፋል፣ አሉሚኒየምንም ይበላል። ልምድ የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

ከ2008 በኋላ ብዙዎች የሞከሩት ሌላ «ሕክምና» ነበር፤ ማዘርቦርዱን አውጥተው በወጥ ቤት ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ አካባቢ ለደቂቃዎች ጋገሩት። ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ በርግጥ ተነሳ፤ ለሳምንት ወይም ለወር። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ እርሳስን ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ስለገደበ፣ ከቺፑ ማሸጊያ ሥር ያለው አዲሱ ብየዳ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ200 ዲግሪ ያ ብየዳ አልቀለጠም ማለት ነው። ምድጃው ያደረገው በማሸጊያው ውስጥ የተሰነጠቁትን ጉብታዎች በሙቀት አስፍቶ ለጊዜው ማነካካት ነው። የታወቀው የላፕቶፕ ጠጋኝ ሉዊ ሮስማን ይህንኑ ለዓመታት ደጋግሞ አስረድቷል፤ ሕመሙ በቺፑ ውስጥ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ብየዳ ማሞቅም ሆነ መለወጥ አያድነውም፤ መድኃኒቱ አዲስ ቺፕ ነው። ከምድጃው የወጣው ጭስ ደግሞ ነገ ዳቦ በሚጋገርበት ቦታ ቀርቷል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ይህን ሁሉ በሩብ ሰዓት ሊፈትሽ ይችላል። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ከባድ ጌም ወይም የግራፊክስ መፈተኛ ፕሮግራም ከፍቶ፣ የሙቀቱን ቁጥር እያየ መዳፉን ወደ አየር መውጫው ያስጠጋል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ የሚወጣው አየር ትኩስ ግን ደካማ ከሆነ፣ ብረቶቹ በአቧራ ተደፍነዋል ወይም ፋኑ ደክሟል። አየሩ በኃይል እየወጣ ለብ ያለ ብቻ ከሆነና ቁጥሩ 90ን ካለፈ፣ ሙቀቱ ብረቶቹ ጋ አልደረሰም፤ ቅባቱ ደርቋል ወይም ቱቦው ተጎድቷል። አየሩ ትኩስም ብርቱም ሆኖ ቁጥሩ 80 አካባቢ ከቆመ መንገዱ ክፍት ነው። በስክሪኑ ላይ መስመር ከታየ ወይም ቀለሙ ከተዘበራረቀ ግን ላፕቶፑን ዘግቶ ለሻጩ መመለስ ነው፤ ያንን ጽዳትም ቅባትም አይመልሰውም።